ጠቢብና ጠይብ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው። የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሦስት ናቸው፤ አንዷ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት፣ ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ፣ ሦስተኛው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንጥረኛ። ቦታው የአንጥረኛው ዳስ ነው። የኔታ የደነዘ ማረሻ ሊያስመቱ መጥተዋል።

መምህርት፦ የኔታ፣ ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት። አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው የመጣሁ።

የኔታ፦ ደግ አደረግሽ፤ ማረሻው እስኪደርስ እንጫወት። የግዕዝ ቃል ነው?

መምህርት፦ የእንግሊዝኛ ነው፤ «ክራፍት» ይሉታል። ቀላል ቃል ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ችግሩም እሱ ነው። መዝገበ ቃላት ይገልጡና «የእጅ ጥበብ» የሚለውን አግኝተው በዚያው ይረጋሉ። ከዚያ ምንባቡ ስለ ሐይቅ መጓጓዣ ሲያወራ ያው ቃል ይመጣል፤ «ትንንሽ የእጅ ጥበቦች ሐይቁን አቋረጡ» ብለው ይጽፉልኛል። ሌላ ምንባብ ላይ «ክራፍቲ» የተባለ ነጋዴ አለ። እነሱ «ባለ ጥበቡ ነጋዴ» አሉት፤ ምንባቡ ግን ሰውየውን እየወቀሰ ነው፤ መሠሪ ነው የሚለው።

የኔታ፦ አንድ ቃል ጥበብም፣ ታንኳም፣ ተንኮልም ሆነ?

መምህርት፦ ኃይልም ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፍቺው ብርታት፣ ጉልበት ነው። ከብርታት ወደ ችሎታ አለፈ፤ ከችሎታ ወደ ሙያ፤ ከሙያ ደግሞ ወደ ማታለል ወረደ። «ክራፍቲ» የሚለው ቅጽልም በዚያው መንገድ ነው የሄደ፤ መጀመሪያ ብርቱ ማለት ነበር፣ ኋላ ሥራ አዋቂ ሆነ፣ ዛሬ መሠሪ ነው። ጀልባ የሚለው ፍቺ የመጣው ዘግይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ከጀልባው በኋላ አውሮፕላኑም፣ ጠፈር ላይ የሚወጣው መንኩራኩርም በዚያው ቃል ተጠሩ።

የኔታ፦ መንኩራኩር ስትይ የግዕዙ ፍቺ የሠረገላ እግር ነው፤ ዛሬ ጎማ የምንለው። ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው እሱን ነው። እኛም ቃላችንን ከምድር አንሥተን ሰማይ አውጥተነዋል፤ በእንግሊዞቹ የሚፈረድ ነገር የለም።

መምህርት፦ የሚደንቀኝ ግን ኃይል የሚለው ፍቺ ከእንግሊዝኛ ጠፍቶ ጀርመንኛ ላይ መቅረቱ ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ክራፍት» ሲሉ ኃይል ማለታቸው ነው። እዚህ ጋፋት ተቀምጠው የነበሩት ባለ ሙያ ሚስዮናውያን፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና እነ ሳልሙለር፣ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪስኮና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ፤ የሚነጋገሩት በጀርመንኛ ነው። ይህ ቃል በዚህ ኮረብታ ላይ ሲነገር የኖረው በኃይል ፍቺው ነው።

የኔታ፦ ለንጉሡም የተስማማው እሱ ፍቺ ይመስለኛል። እነዚያን ሰዎች የላካቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። በእጃቸው እየሠሩ ወንጌል እንዲሰብኩ አስቦ ነበር። ንጉሡ ስብከቱን ሰምተው መንገድና መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ነበር፤ አሽከሮቻቸው ሲታሰሩባቸው እንሞክር አሉ። እየሞከሩ፣ እየተበላሸባቸው፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለችውን መድፍ ሠሩ። ሰባ ኩንታል ያህል ትመዝናለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥታ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተች፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዳና ወጥታ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰች። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። እሷ እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ አለች፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመችው አምሳያዋ ናት።

አንጥረኛ፦ የኔታ፣ ላቋርጥዎትና፤ ያን ሁሉ ብረታ ብረት ያቀለጡት ነጮቹ ብቻ ናቸው? ወናፉን የነፋው፣ ከሰሉን ያከሰለው፣ ጭቃውን ረግጦ የመድፉን ቅርጽ ያበጀው ማን ነው?

የኔታ፦ የአገር ሰው ነዋ።

አንጥረኛ፦ የነጮቹን ስም እናንተ አሁን ቆጠራችሁት። የእነዚያን ስም የሚያውቅ አለ?

የኔታ፦ የጻፈው የለም።

አንጥረኛ፦ ስምስ አላጡም፤ ጠይብ ተባሉ።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ይህን ቃል እርስዎ ባያነሡት እኔ ላነሣው ፈርቼ ነበር። የመጣሁበት ዋናው ነገር እሱ ነው። «ክራፍት» የሚለውን በአማርኛ ለመተካት ቃላቱን ሰብስቤያለሁ፤ ጥበብ፣ ሙያ፣ ብልሃት፣ ዘዴ፣ ኪነት፣ እጅ ሥራ። ሠሪውን ስፈልግ ግን ያገኘሁት ቃል ሁሉ አንገት የሚያስደፋ ነው።

የኔታ፦ በየተራ እንያቸው። ሙያ የሚለውን ውሰጂ። ጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ ሰው ሙያ ሠራ ይባላል። ወጡን አጣፍጣ፣ ጠላውን አጥልላ ድግስ የምታወጣ ሴት ባለሙያ ናት። ዛሬ ደግሞ ሐኪሙም መሐንዲሱም ባለሙያ ነው። ይህ ቃል የትም ቢገባ ክብሩን ይዞ ነው የሚገባ። ብልሃት ግን ሁለት ፊት አለው። ብልህ ስንል እናመሰግናለን፤ ብልጥ ስንል እንጠነቀቃለን። መሠሪ ያልሽው ቃል ራሱ በግዕዝ ሥራየኛ፣ መድኃኒት አድራጊ ማለት ነው፤ አማርኛው ከአስማት አውጥቶ ለተንኮል አዋለው።

መምህርት፦ ጥበብስ?

የኔታ፦ ጥበብ ከሁሉም ይሰፋል። የሰሎሞን ዕውቀት ጥበብ ነው። የአገር ልብስ ዳር ላይ የሚሸመነው ጌጥ ጥበብ ነው፤ «የቀሚሷ ጥበብ ያምራል» ትያለሽ። ጠበበ ስትይ ደግሞ ጠባብ ሆነ ማለትም ነው። ተጠበበ ብትይ በአንድ ነገር ተጨነቀ፣ አሰበበት፣ አሳምሮም ሠራው፤ ሦስቱም ይሆናል። ነቢይ ሆኖ ያልተጠበበ፣ ሠሪ ሆኖ ያልተጠበበ የለም።

አንጥረኛ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰሎሞን ጠቢብ ከሆነ፣ እኔ እንዴት ጠይብ ሆንሁ?

የኔታ፦ ቃሉ አንድ ነው። ጠቢብ የሚለው ግዕዝ በሕዝብ አፍ «ብ»ዋ ላልታ ላልታ ጠይብ ሆነ። በሸዋ፣ በአንኮበር በኩል፣ ብረትና ሸክላ የሚሠሩትን ሰዎች «ጠቢባን» ይሏቸው እንደነበር በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። እኛ አገር ሁለት ከፈልነው። የቤተ መንግሥቱን ጠቢብ አልነው፤ የዳሱን ጠይብ አልነው።

አንጥረኛ፦ ቃሉን ብቻ ቢከፍሉት ባልከፋ። ጠይብ ካሉ በኋላ ቡዳ ይሉኛል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይላሉ። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ማረሻ ልታስመታ መጣች። ያዘለችው ልጅ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነጠላዋን ስባ ፊቱን ሸፈነችው። ማረሻውን ሠርቼ ሰጠኋት፤ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች፤ በእጄ ልትሰጠኝ አልፈለገችም። በዚያ ማረሻ የታረሰውን ጤፍ ግን ያ ልጅ ይበላዋል።

መምህርት፦ እንግሊዝኛውም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። «ዊችክራፍት» የሚል ቃል አላቸው፤ ጥንቁልና፣ ቡዳነት እንደማለት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ያው «ክራፍት» ነው። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ስም ተከስሰው ብዙ ሺህ ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሰው እንዴት እንደሚሠራ ያልገባውን ነገር ሲያይ ከሰይጣን ያገናኘዋል። ድንጋይ ከእሳት ገብቶ ብረት ሆኖ ሲወጣ፣ ጭቃ ከእሳት ገብቶ ማሰሮ ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው የፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

አንጥረኛ፦ ቢጠይቁኝ አሳያቸው ነበር። እነሆ፣ ይህ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ማረሻ ከዚህ ሲሠራ ከፌሮ ይሻላል፣ አይልምም። እሳቱ ላይ ሆኖ ቀለሙን እዩት። አሁን የደረቀ ደም መስሏል፤ ገና ነው፤ ብመታው ይሰነጠቃል። እንደ በሰለ ብርቱካን ሲሆን አወጣዋለሁ፤ ያኔ ይታዘዛል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ ከተፋ ደግሞ ተቃጥሏል፤ ጣለው ነው። ጫፉን ስለው ወደ ውሃ ስሰደው እንደገና ቀለሙን አያለሁ። በጣም ግሎ ቢገባ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ቀዝቅዞ ቢገባ ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል። ይህን አባቴ ሲያስተምሩኝ መጽሐፍ አልነበራቸውም። በዓይኔ ነው ያስተማሩኝ።

የኔታ፦ ይህ ነው እንግዲህ ጥበብ።

አንጥረኛ፦ በአፍ ነው የኔታ። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ግን ጉባኤ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሉኛል?

የኔታ፦ ስለ ጉባኤ ቤት ካነሣህ አንድ ነገር ልንገርህ። ተማሪው ቅኔ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ሰምና ወርቅ ነው። ይህ ስም ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከእናንተ ዳስ ነው። ወርቅ ሠሪው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃውን ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ አይተው ነው ለቅኔው ስም ያወጡለት። እኛ የአእምሮ ከፍታ ነው የምንለው ነገር ስሙን የተበደረው ከአንጥረኛ እጅ ነው።

አንጥረኛ፦ አባቴ መስቀል በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር። ግን የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእኛ ሥራ ሰሙ ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ አይገባም። ሰሙ ይጠፋል። በቅኔስ?

የኔታ፦ በቅኔ ሰሙ አይጠፋም። ላይ ላዩን ይሰማል፤ ወርቁም ከሥሩ ይሰማል። ሁለቱ አብረው ካልቆሙ ቅኔው አይሞላም። ጥሩ ጠየቅህ፤ በአርባ ዓመት ማስተማር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ተማሪዎቼ ሰም ሲቀልጥ አይተው አያውቁማ።

መምህርት፦ የኔታ፣ ይህን ለልጆቼ እወስደዋለሁ። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሲኖረው እንደ ቅኔው ነው ማለት ነው፤ አንዱን ስሰማ ሌላው ከሥሩ እንዳለ ማወቅ አለብኝ። «ክራፍት» ባለ ቁጥር ኃይሉም፣ ሙያውም፣ ተንኮሉም አብሮ አለ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ይህን አውቆ ነው ቃሉን ለብቻው የማይፈታው፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያሳየው። የቃል ፍቺ ያለው አጠገቡ ባሉት ቃላት ላይ ነው።

የኔታ፦ ሌስላው ያልሽው ጋፋትኛን ያጠናው ሰው ነው?

መምህርት፦ እሱ ነው። የዚህ መንደር ስም የአንድ የጠፋ ቋንቋም ስም ነው። ዓባይ ዳር፣ ጎጃም ውስጥ ይነገር ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ሳለ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ነበር፤ ጽሑፉ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌስላው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲመጣ ቋንቋውን የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። በጋፋትኛ አንጥረኛ ምን ይባል ነበር? በክብር ነበር የሚጠራው በስድብ? ቋንቋው ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ተቀበረ።

አንጥረኛ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የሞተው ሳይሆን በአፋችሁ ያለው ነው። «ባለ እጅ» ይሉኛል ደግሞ። እጅ የሌለው ማን ነው? ቄሱም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴውም እጅ አለው። በእጁ ስለሚሠራ ብቻ «ባለ እጅ» ተብሎ የሚናቅ ሰው ግን እኔ ነኝ። እጁ ወርቅ ነው ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የኔታ፦ መጽሐፍ ቅዱስስ እንዲህ አያደርግም። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል የሚባል ሰው አለ፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ ሠሪ፣ እንጨት ጠራቢ። እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላው ይላል፤ የሰጠውም ጥበብን ነው። ስለ መንፈስ መሞላት መጽሐፉ ቀድሞ ከተናገረላቸው ሰዎች አንዱ አንጥረኛ ነው ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክም አለ። አንጥረኛውን መስፍ አጠገብ ተቀምጦ፣ የእሳቱ ወላፈን ገላውን ሲያቀልጠው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ሲያደነቁረው ይገልጠዋል። እነዚህ ሰዎች በሸንጎ አይጠሩም ይላል፤ ነገር ግን ያለ እነሱ ከተማ አይቆምም ይላል።

አንጥረኛ፦ በሸንጎ አይጠሩም የሚለውንም ጽፎታል?

የኔታ፦ ጽፎታል። የነበረውን ነው የጻፈ።

አንጥረኛ፦ ይኸው፤ አሁንም አንጠራም።

መምህርት፦ በአዋጅ ለማስተካከል ተሞክሮ ነበር እኮ ጋሼ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያላችሁ፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውንም እንዲሁ ስም እየሰጣችሁ የምትሰድቡ ተዉ ነው ያሉት፤ እንዲህ እየተባለ ባለ እጅ ከጠፋ አገር ባዶ ይቀራል ብለው።

የኔታ፦ ደብተራውም በዚያ አዋጅ ውስጥ አለበት። እኛም አብረን ተሰድበናል። ብረት የሚቀጠቅጠው በብረቱ፣ የሚጽፈው በጽሑፉ ይሰደብ ነበር። ምንም ያልሠራው ብቻ ነው ያልተሰደበ።

አንጥረኛ፦ አዋጁ ምን አመጣ?

መምህርት፦ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይበልጥ ሳያመጣ አልቀረም። ባለ እጁ ርስት አልነበረውም፤ በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ ነበር የሚኖር። የካቲት 25 መሬት ለአራሹ ሲባል ለእሱም ተቆረሰለት።

አንጥረኛ፦ እሱ እውነት ነው። ለአባቴ መሬት ደርሷቸዋል። ያኔ ነው ስሙም የተቀየረ፤ «እደ ጥበብ» ተባልን፤ ማኅበር አቋቋሙልን። አባቴ የማኅበሩን መታወቂያ ኮታቸው ኪስ ይዘው ነበር የሚዞሩ፤ ማንበብ አይችሉም፤ ግን «እደ ጥበብ» የሚለው የቱ ጋ እንደተጻፈ ያውቁ ነበር። በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር።

መምህርት፦ እደ ጥበብ ግሩም ቃል ነው። እጅንና ጥበብን አንድ ላይ አሰረ። ኋላ ግን «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚል መጣና ገፋው። ጥበብ የሚለው ወጥቶ ትንሽ የሚለው ገባ። ቅጽ ላይ የሚሞላው ሰው ጥበበኛ መሆኑ ቀርቶ ጥቃቅን ሆነ። ይህን ቃል የመረጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ የካፒታል መጠን መለካታቸው ነው። ያም ሆኖ ለሰው የሚሰጥ ስም አይደለም።

አንጥረኛ፦ ሰዎች ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ልከው ነበር። እኛም ደስ ብሎን ጠላ ጠመቅን። ሁለተኛ ሲመጡ አጥንት ቆጠሩ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ጠየቁ። ሦስተኛ አልመጡም። በዚያን ጊዜ ወረቀት ላይ እደ ጥበብ እንደምባል ነገርኋቸው። ታዲያ ወረቀት ሚዜ አይሆን! ስለዚህ ልጄ፣ ቃል ፈልጊ፤ ደግ ነው። ግን ቃል ብቻውን ከቡዳነት አያወጣኝም።

መምህርት፦ አያወጣም። ግን ወደዚያ ያስገባዎት ቃል ነው።

አንጥረኛ፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

መምህርት፦ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባ የሚባለውን ማኅበረሰብ ያውቁታል። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቹ በ1964 ዓ.ም. ግድም መሠረቱት፤ ኋላ ሽመናን ዋና ሥራቸው አደረጉት። ወንዱ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ ትሸምናለች፣ ታርሳለች። ጎረቤቶቻቸው ሲጠሏቸውና ሲያባርሯቸው ኖረው ዛሬ ከየአገሩ ሰው ሊያያቸው ይመጣል። እነሱ ቃሉንም ሥራውንም አብረው ነው የቀየሩ። አንዱን ቀይረን ሌላውን ብንተወው አይሆንም።

የኔታ፦ ታንኳ ያልሽውን ፍቺ ረሳነው። በመጀመሪያ የጠየቅሽኝ እሱን ነበር።

መምህርት፦ አልረሳሁትም፤ ከዚሁ ነገር ጋር ይገናኛል። የጣና ደንገል ታንኳን የሚሠራው ማን ነው? ወይጦ ነው። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ፣ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ያደርገዋል። እህልም እንጨትም በዚያ ታንኳ ሲሻገር ኖሯል። ወይጦዎች ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ነበርና ከሰው ተገለሉ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቷል፤ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩ። ስለዚህ ልጆቼ «ትንንሽ የእጅ ጥበቦች ሐይቁን አቋረጡ» ብለው ሲጽፉ ሰዋስዉን አርማለሁ፤ ነገሩ ግን እውነት አለው። ታንኳ የእጅ ጥበብ ነው፤ ሠሪውም እንደ ጋሼ ያለ የተገፋ ሰው ነው።

የኔታ፦ ቤተ እስራኤሎቹንም አትርሺ። ጎንደር ዙሪያ ብረቱንም፣ ሸክላውንም፣ ሽመናውንም ከያዙት አብዛኞቹ እነሱ ነበሩ። «ፈላሻ» እያልን፣ ቡዳ እያልን ኖርን። ግንቦት 1983 በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ እስራኤል ሄደ።

አንጥረኛ፦ አንዳንዶቹ የአባቴ ወዳጆች ነበሩ። መዶሻ ተዋውሰናል።

መምህርት፦ አሁን ትምህርቱን እንዲህ ልሠራው አስቤያለሁ። «ክራፍት» የሚለውን አንድ ፍቺ አልሰጣቸውም። ዓረፍተ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ የጀልባ፣ የመንኩራኩር፣ የመሠሪ ሰው፣ የሸማኔ፣ የመንግሥት አስተዳደር ጥበብ። ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አማርኛ ራሳቸው ይፈልጉ። ከዚያ «ሠሪው ማን ይባላል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ጠይብ የሚል ልጅ አይጠፋም። ያኔ ጋሼን ጋብዤ ክፍል ላስገባቸው እፈልጋለሁ።

አንጥረኛ፦ እኔ ክፍል ገብቼ ምን እላለሁ?

መምህርት፦ ባሌስትራውን ይዘው ይምጡ። የእሳቱን ቀለም እንዳሳዩን ያሳዩዋቸው። ብረታ ብረት የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ፈተናቸው ላይ ስለ ሙቀትና ስለ ማጠንከር ይጠየቃሉ። እርስዎ የሚያውቁትን ነው የሚማሩት።

አንጥረኛ፦ እንግዲህ ከጠራችሁኝ እመጣለሁ።

የኔታ፦ እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ሰም ይዤ። ቅኔ ተማሪዎቼንም አመጣቸዋለሁ፤ ሰምና ወርቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከባለቤቱ ይስሙ። ደብተርሽን ያዥና ደግሞ ጻፊልኝ፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ካጋጠመሽ ስጪው። «ጠይብ፤ ከግዕዙ ጠቢብ የወጣ። ብረት፣ ወርቅ፣ ሸክላ ሠሪ፤ ባለ ጥበብ። ሰው ለስድብ አውሎታል፤ ስድብነቱ ሐሰት ነው።»

መምህርት፦ ጻፍሁ። ጋሼ፣ የሚጨምሩት አለ?

አንጥረኛ፦ «ማረሻ የሚሠራ» የሚለውን ጨምሪበት። ሰው ማረሻ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ።

መምህርት፦ ጨመርሁ። መዝገበ ቃላት ለምታዘጋጁ፣ ክፍል ገብታችሁ ለምታስተምሩ፣ ቅጽ ለምታትሙ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ «ጠይብ» ላይ ስትደርሱ ስድቡን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፤ ከ«ጠቢብ» አጠገብ አስቀምጡት፤ ማረሻ የሚሠራውንም ሰው ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ።